ባለ ቱርቦ መኪና በደጋ አገር

በአምቦ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ኃይለኛ ባለ ቱርቦ መኪና ለዕለት ተዕለት አገልግሎት እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚስተካከል የሚመለከት ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ የጥቂት ባለጸጎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በግንጪ አልፎ አምቦ የሚገባውን፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ባኮ የሚዘልቀውን መንገድ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ከሚያልፉት ፒክ አፖች፣ የጭነት አይሱዙዎች፣ ላንድ ክሩዘሮችና አዳዲስ የቤት መኪናዎች መካከል ብዙዎቹ ባለ ቱርቦ መሆናቸውን ይረዳል። ስለሆነም ነገሩ የገበሬውን እህል፣ የታማሚውን ሆስፒታል መድረስና የተማሪውን ጉዞ የሚነካ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ያደረጉት ሁኔታዎችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ አሁን በእጃችን ያለው ባለ ቱርቦ መኪና ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ለብዙ ዘመን አብሮን የሚኖር ነው። እንዴት እንደሚያረጅም በአብዛኛው የሚወስነው ያስተካከለው ባለሙያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለምንተነፍሰው አየር ጥቂት ልበል። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ወደ 78 ይወርዳል፤ በሆለታ 76 ያህል፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋው በጌዶ ደግሞ 75 ያህል ነው። ወደ ወንጪ ተራራ የሚወጣ መኪና 3,000 ሜትር ላይ ሲደርስ 70 ብቻ ያገኛል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚሁ መጠን ስለሚሳሳ፣ በፋብሪካው ጽሑፍ 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው መኪና አምቦ ላይ ከ75 እስከ 80 ቢሰጥ ደካማ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

ይህን የከፍታ ዕዳ ለመክፈል የሚያስችለው መሣሪያ ቱርቦ ነው። ስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው የፈጠራ መብት መሠረት፣ ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ አንድ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕሬሰር አዙሮ አየሩን እያመቀ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። በማርሚታ በኩል ይባክን የነበረው ጉልበት በከፊል ተመልሶ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ፈተነው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ከዚህ እንደምንረዳው ቱርቦ ገና ከጅምሩ ለእሽቅድምድም ከመዋሉ በፊት ለደጋ አየር መፍትሔ ሆኖ ነበር፤ ስለዚህ ለእኛ አገር የተፈጠረ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ቱርቦው የሚያግዘው ሞተሩን ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሞተሩን ምጽዋ ያወርደዋል፤ ፍሬኑ፣ ራዲያተሩና ኢንተርኩለሩ ግን አምቦ ይቀራሉ። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። አንድ መኪና ተስተካከለ የሚባለው ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ የተስማሙ እንደሆነ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ፋብሪካው በባሕር ጠረፍ ከአየሩ በላይ 80 ኪሎ ፓስካል ትርፍ ግፊት እንዲሰጥ አድርጎ የሠራው ቱርቦ ጠቅላላ ግፊቱን ወደ 180 ያደርሳል። ይህም አየሩን በ1.8 እጥፍ ማመቅ ነው። ይኸው 180 አምቦ ላይ እንዲገኝ ከተፈለገ ግን 78 የነበረውን በ2.3 እጥፍ ማመቅ ያስፈልጋል። የኮምፕሬሰሩ ብቃት 70 በመቶ፣ የአየሩም ሙቀት 20 ዲግሪ ነው ብንል፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር 97 ዲግሪ፣ በሁለተኛው 133 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ይህን አየር እንዲያቀዘቅዝ የተገጠመው ኢንተርኩለር ደግሞ የሚቀዘቅዘው በዚያው በሳሳው የደጋ አየር ነው። እንግዲህ መለኪያው ላይ የሚታየው ግፊት ያው ሆኖ ሳለ፣ ቱርቦው በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ ሞተሩም የበለጠ የጋለ አየር ይቀበላል።

ከዚህ ላይ ሁለት ዓይነት የግፊት መቆጣጠሪያዎችን መለየት ይገባል። በቀድሞዎቹ መኪናዎች መካኒኮቻችን ዌስትጌት የሚሉት ቫልቭ በስፕሪንግ ይሠራል። ስፕሪንጉ የሚያውቀው ትርፍ ግፊቱን እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። ስለዚህ አምቦ ላይ 78 እና 80 ተደምሮ 158 ይሰጣል፤ ኃይሉ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ቱርቦው ግን ከሚገባው በላይ አይደክምም። በአዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ ኮምፒዩተሩ ጠቅላላውን ግፊት በሴንሰር እየለካ ያዝዛል። የፋብሪካው መሐንዲሶች ከፍታው ሲጨምር ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ገደብ አስቀምጠዋል። «መኪናህ ታስሯል፤ እንፍታልህ» እየተባለ በገንዘብ የሚነሣው አንዱ ገደብ ይህ ነው። ገደቡ ለምን እንደተቀመጠ ሳያውቁ ማንሣት የድልድይ ምሰሶ ቦታ ያዘብን ብሎ እንደ መንቀል ይቆጠራል።

የስፕሪንጉም ማስተካከያ የራሱ አደጋ አለው። አንድ ባለሙያ የጠፋውን ኃይል ለመመለስ ብሎ አምቦ ላይ ስፕሪንጉን አጥብቆ ትርፍ ግፊቱን ከ80 ወደ 103 ቢያሳድገው፣ ጠቅላላው 181 ይሆንና መኪናው ደስ የሚያሰኝ ጉልበት ያገኛል። ይኸው መኪና 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው የአዋሽ ሸለቆ ሲወርድ 193፣ ጅቡቲ ሲደርስ 204 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ሙቀቱ ከፍ ባለበት ቆላ ማንኳኳት ይጀምራል፤ አሽከርካሪው ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ሲጓዝ ድምፁን ላይሰማው ይችላል፤ መጨረሻው የፒስቶን መበሳት ወይም የጓርኒሲዮን መቃጠል ነው። ሩቅ ሳንሄድ እንኳ ከጌዶ ተነሥቶ 1,650 ሜትር ገደማ ወደሆነችው ባኮ የሚወርድ መኪና የአየሩ ግፊት ከአሥር በመቶ በላይ ሲጨምርበት ያገኘዋል። ስለሆነም አምቦ ላይ የተስተካከለ መኪና ባኮ ወርዶ ሳይፈተን ተስተካክሏል ሊባል አይገባም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልለፍ። በአብዛኞቹ ቀላል መኪናዎች የአሽከርካሪውን እግር የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየሩ ግፊትና በቫኪዩም መካከል ባለው ልዩነት ነው። ቫኪዩም ፓምፑ በሰርቮው ውስጥ 20 ኪሎ ፓስካል ቢያስቀር፣ በባሕር ጠረፍ ልዩነቱ 81 ሲሆን አምቦ ላይ 58 ብቻ ነው። እገዛው ከሩብ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 80 ከሚሄደው ይልቅ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት በ56 በመቶ ይበልጣል። እንግዲህ ሞተሩ የባሕር ጠረፍ ኃይሉ ሲመለስለት ፍሬኑ እንደተዳከመ ይቀራል። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ በገበያ ቀን አህያ የሚነዳ ገበሬና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት በሚጋሩት አውራ ጎዳና ላይ ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ዋጋ አለው።

ራዲያተሩም እንዲሁ ነው። ውሃ አምቦ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን 90 ኪሎ ፓስካል ትርፍ ግፊት ቢይዝ፣ በባሕር ጠረፍ የመፍያው ነጥብ 119 ዲግሪ ሲሆን እዚህ 115 ያህል ነው። ክዳኑ ካረጀ ደግሞ ይህም አይኖርም። በመንገድ ላይ ውሃ ያነሰባቸው አሽከርካሪዎች ያገኙትን የምንጭ ወይም የማዕድን ውሃ ሲሞሉ ይታያል። የአምቦ ውሃ ለጠጪው የሚጣፍጠው በውስጡ ባሉት ማዕድናት ነው፤ እነዚሁ ማዕድናት በራዲያተርና በቴስታታ ውስጥ ደለል ሆነው ይጋገራሉ። ስለዚህ ለጠረጴዛው እንተወው፤ ለራዲያተሩ የተጣራ ውሃና ተገቢው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይቅረብለት።

ይህን ካልን በኋላ ስለ አመራረጡ እንነጋገር። ቱርቦ በመንገድ መኪና ላይ በሰፊው መታወቅ በጀመረበት ዘመን ሁለት መንገዶች ታይተዋል። በ1974 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ፖርሽ 911 ቱርቦ ባለ 3 ሊትር ሞተር ሆኖ 260 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ነገር ግን ትልቁ ቱርቦው ዘግይቶ ይነቃና ኃይሉን በድንገት ስለሚለቅ ልምድ የሌለውን አሽከርካሪ ያሳስት ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. የቀረበው የስዊድኑ ሳብ 99 ቱርቦ በበኩሉ 145 የፈረስ ጉልበት ብቻ ሲኖረው፣ ቱርቦው አነስ ያለና በዝቅተኛ ዙር የሚነቃ፣ ትርፉን በዌስትጌት የሚያሳልፍ ነበር። ለዕለት ተዕለት ጉዞ የተመቸው ሁለተኛው መንገድ በመሆኑ ዛሬ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

በደጋ አገር ምርጫው ከዚህም ጠበቅ ይላል። የሳሳ አየር የሚስብ ሞተር የሚያወጣው ጋዝም ያነሰ ስለሆነ ቱርቦው ዘግይቶ ይነቃል። ባሕር ጠረፍ ላይ በ1,600 ዙር የሚነቃው እዚህ 2,000 ሊያልፍ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ሞተሩ ቱርቦ እንደሌለው ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ በጣም ትንሽ ሞተር ላይ ትልቅ ቱርቦ የተጫነበት መኪና በወረቀት ላይ ኃይለኛ ሆኖ፣ በግንጪ ዳገት ከጭነት መኪና ኋላ ሲነሣ ግን ይሰንፋል። የእኔ ምክር ሰፋ ያለ ሞተርና መጠነኛ ቱርቦ ያለውን፣ ናፍጣ ከሆነም የተርባይኑን የጋዝ መግቢያ እንደ ዙሩ የሚያጠብና የሚያሰፋ ቱርቦ የተገጠመለትን እንድትመርጡ ነው።

ቱርቦ የሌለውን ሞተር ገዝቶ በኋላ ቱርቦ መግጠም ይሻላል የሚሉ ወገኖች አሉ። በአገራችን እጅግ የታወቀውን የላንድ ክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ለምሳሌ እንውሰድ። ያለ ቱርቦ የተሠራው 1ኤችዜድ የመታመቂያ ልኩ ከ22 በላይ ሲሆን ናፍጣውን የሚያቃጥለው በቅድመ ክፍል ውስጥ ነው። ያው ፋብሪካ ቱርቦ ለመግጠም ሲያስብ 1ኤችዲቲ የተባለውን የሠራው የመታመቂያ ልኩን ከ19 በታች አውርዶ፣ ናፍጣውም በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ እንዲረጭ አድርጎ ነው። ፋብሪካው ቱርቦውን በአሮጌው ሞተር ላይ ዝም ብሎ አልሰቀለውም። የፋብሪካው መሐንዲስ የለወጠውን ሁሉ ሳይለውጡ ቱርቦውን ብቻ የሚጨምሩ ሰዎች በመጠነኛ ግፊትና በጥንቃቄ ካልተጓዙ ፒስቶኑን ለሙቀት ያጋልጡታል።

ለመሆኑ ለዕለት ተዕለት ጉዞ ትርፍ ኃይል ምን ይጠቅማል? ተገቢው መልስ ቀርፋፋ ተሽከርካሪን በአጭር ጊዜ ለማለፍ የሚል ነው። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ40 ተነሥቶ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ 200 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ይፈልጋል። ለዚህ የሚተርፈው ኃይል 40 ኪሎ ዋት ከሆነ 5 ሰከንድ ይበቃል፤ ከፍታው ወደ 30 ካወረደው ግን 7 ሰከንድ ይጠጋል። ከፊት ለፊት በ70 የሚመጣ መኪና ካለ፣ በሁለቱ ተጨማሪ ሰከንዶች ውስጥ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 70 ሜትር ይቀንሳል። ከዚህ ልክ በላይ የሚጨመረው ኃይል ግን ለመንገዳችን የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

የማስተካከሉም ሥራ ቅደም ተከተል ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ የሲሊንደሮቹ ጭመቃ ይለካ። ያረጀ ሞተር ላይ ግፊት መጨመር የሚያፋጥነው ፍጻሜውን ነውና። ሁለተኛ ፍሬኑ፣ ቫኪዩም ፓምፑና ጎማው ይመርመሩ። ሦስተኛ ራዲያተሩና ኢንተርኩለሩ ከጭቃና ከገለባ ይጽዱ። አራተኛ የአየር ቱቦዎቹ ሁሉ ከቱርቦው እስከ ማኒፎልዱ እንዳያፈሱ ይፈተሹ፤ ደከመ የሚባለው ቱርቦ ብዙ ጊዜ የላላ ማሰሪያ ሆኖ ይገኛል። አምስተኛ ፊልትሮው ይታይ። በበጋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮ 5 ኪሎ ፓስካል ቢያጎድል፣ 180 ለመድረስ የሚያስፈልገው እመቃ ከ2.3 ወደ 2.5 እጥፍ ያድጋል፤ የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ አቧራውን አሳልፎ የኮምፕሬሰሩን ክንፎች ይበላል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ በስድስተኛ ደረጃ፣ የግፊት መለኪያና የጭስ ሙቀት መለኪያ ተገጥሞ ግፊቱንና የነዳጁን መጠን ወደ መንካት ይኬዳል። አምስቱ በትክክል ከተፈጸሙ ስድስተኛው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ናፍጣ ፓምፑን ከፍቶ ብዙ ናፍጣ በመልቀቅ ኃይል የሚጨምሩ ጋራዦች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ለሚበዛው ናፍጣ የሚመጥን አየር ከሌለ ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው። ጭሱ በነዳጅ ማደያ ተከፍሎበት ሳይቃጠል የወጣ ገንዘብ ነው። የሚተነፍሰውም በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛ ነው፤ እሱ ለመኪናው ኃይል የጠየቀው ነገር የለም።

ስለ ቤንዚንም አንድ ቃል ልጨምር። በደጋ የሚሠራ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲሊንደሩ በሚገባ ስለማይሞላ ዝቅ ባለ ኦክቴን ሊረካ ይችላል። ቱርቦው ግፊቱን ወደ ባሕር ጠረፍ ልክ ከመለሰው ግን ይህ ምሕረት ይቀራል፤ ፋብሪካው ያዘዘው ኦክቴን እዚህም ግዴታ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ የነበረውን፣ ከአካባቢያችን ብዙም ከማይርቀው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ይገኝ የነበረውን ኢታኖል ታስታውሱ ይሆናል። ኢታኖል ማንኳኳትን ይከላከላል፤ ነገር ግን አሥር በመቶ ሲደባለቅ ሞተሩ የሚፈልገው የነዳጅ መጠን በ4 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ነዳጁ ሲለወጥ ማስተካከያው አብሮ መታየት እንዳለበት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ዘይቱም ሊረሳ አይገባውም። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ከጉደር ተነሥቶ ጌዶ የወጣ አሽከርካሪ ለሻይ ሲቆም ወዲያው ሞተሩን ቢያጠፋ፣ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፤ ኩሽኔታውም ቀስ በቀስ ይጎዳል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ማቆየት ወጪ የሌለው ጥገና ነው።

በመጨረሻም ስለ መጪው ጊዜ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ አላልፈውም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው ኃይሉን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ጉልበቱን ወደ ባትሪ ሊመልስ ይችላል። በዚህ ረገድ ለደጋ አገር ከቱርቦ የተሻለ መልስ መሆኑን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ አሁን ያሉት ባለ ቱርቦ መኪናዎች ገና ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ እያረጁም ወደ አነስተኛ ከተሞችና ወደ አነስተኛ ጋራዦች መሄዳቸው አይቀርም። ስለዚህ ኃላፊነቱ የእኛ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን አንድ ቀላል ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም አባላችን ባለ ቱርቦ መኪና ሲያስተካክል አንዲት ወረቀት ጽፎ ከሊብሬው ጋር እንድትቀመጥ ያድርግ። በወረቀቷ ላይ ሥራው የተሠራበት ቀን፣ የቦታው ከፍታ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካው ግፊት፣ የነዳጁ ዓይነት፣ እንዲሁም የፍሬኑ ምርመራ ውጤት ይመዝገብ፤ ባለሙያውም ይፈርምባት። መኪናው ነገ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ጋምቤላ ቢሸጥ፣ የሚቀበለው መካኒክ ምን እንደተነካ ያውቃል፤ የሚገዛውም ሰው ምን እንደገዛ ያውቃል። ቦሎ ለመለጠፍ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ይህን ሁሉ አያሳይም። ፊርማችንን ለማኖር የማንደፍርበት ሥራ ካለ ግን፣ ደንበኛው የቱንም ያህል ቢለምነን፣ መሣሪያችንን አስቀምጠን «ይህን አልሠራም» ማለት ይገባናል።